ቆንጅዬ ከሌለች አልገባም

እናቴ ሥራ ስትፈልግ በየሰው ደጃፍ ቆማ የምትጠይቀው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ስለ እኔ ነበር። ቢያንስ በሰባት ዓመቴ የማውቀው እንደዚያ ነው። ነገሩ እንደዚያ እንዳልሆነ ከተነገረኝ በኋላም እምነቴን ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም። ግትርነቴን የወረስኩት ከእሷው ነው።

የምንኖረው ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 7 ቢስ የሚባል ሰፈር ነበር፤ ማይሙና የምትባል ሶማሌ ባልቴት ግቢ ውስጥ፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይተን። አባቴ ባንቲሁን የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ ጭኖ አዲስ አበባ ያራግፍና ይመለሳል። በዚያ ዓመት ባለንብረቱ መኪናውን ሸጦ የቤት ዕቃ መደብር ከፈተና አባዬ መኪና የሌለው ሹፌር ሆኖ ቀረ። እናቴ ስርጉት በግቢው በር ላይ ሳምቡሳ እየጠበሰች ትሸጥ ነበር፤ የሐምሌ ሙቀት ሲብስ ደግሞ ሰው የጋለ ዘይት አጠገብ መቆም አስጠላውና የእሷም ገበያ ቆመ። እንግዲህ በአንዲት ክፍል ውስጥ ሁለት ሥራ ፈላጊዎች ሆኑ።

አባዬ ከሰዓት በኋላ ላብ በላብ ሆኖ ሲመለስ ወሬው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። የትኛው ባለንብረት ለአንድ ቢያጆ፣ ማለትም ለአንድ ምልልስ፣ ስንት እንደሚከፍል። የማን ተሳቢ አዲስ እንደሆነ። የትኛው ሹፌር አሮጌ መኪና አልነዳም ብሎ ምን ዓይነቱን እንዳገኘ። እግሩን ባልዲ ውስጥ ነክሮ ስለ ሞተር ጉልበት ሲያወራ ሥራ ያጣ ሰው አይመስልም ነበር። እኔም ሹፌር መሆን ያምረኝ ነበር። ከቤት የሚወጣው መቼ፣ የሚመለሰው መቼ እንደሆነ ግን አንድም ቀን አንስቶ ሰምቼው አላውቅም።

እማዬን የምታዞራት ዘቢባ የምትባል ደላላ ነበረች። ዘቢባ የወሎ ልጅ ናት፤ ጅቡቲ ውስጥ የትኛው ማዳም ሠራተኛ እንዳባረረች አባርራ ሳትጨርስ ታውቃለች። እኔ ደግሞ አልቀርም ብዬ ስለማለቅስ አብሬያቸው እዞር ነበር። እማዬ ከማዳሞቹ ጋር የምትነጋገረው ከአረብኛም ከሶማሊኛም ከፈረንሳይኛም በለቃቀመችው ቋንቋ ነበር። ማዳሟ ስለ ልብስ ማጠብ ትናገራለች፣ ስለ ልጆች ትናገራለች፣ ደመወዙን ትናገራለች፤ እማዬ ሁሉንም ራሷን እየነቀነቀች ትሰማና በመጨረሻ አንገቷን ቀና አድርጋ ትጠይቃለች።

«ቆንጅዬስ?»

ቆንጅዬ እኔ ነኝ። ስሜ ፀዲ ነው፤ እማዬ ግን ፀዲ የምትለኝ ስትቆጣኝ ብቻ ነበር። የቀረውን ጊዜ ቆንጅዬ ነኝ። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነበር። እማዬ ሰው ቤት መግባት አለባት፣ ሰው ቤት የገባች ሠራተኛ እዚያው ታድራለች፣ እኔን ደግሞ ጥላ አትገባም። ሥራውን የምታገኘው እኔን ከወደዱኝ ነው።

ይህን ካወቅኩ በኋላ ድርሻዬን በትጋት ተወጣሁ። ማይሙናን ለምኜ ፀጉሬን አሠራሁ፤ በሶማሊኛ አክስት እንደሚባለው ኤዶ ነበር የምላት። ኤዶ ማይሙና ቅባቱን አልሰሰተችም፤ ግንባሬ ላይ ሁሉ ይወርድ ነበር። ከመውጣታችን በፊት እግሬን እስከ ጉልበቴ እታጠባለሁ። ደጃፍ ስንደርስ ቀጥ ብዬ እቆምና የወለቀው የፊት ጥርሴ እንዳይታይ ከንፈሬን ገጥሜ ፈገግ እላለሁ። እንዲህ ሆኜ ሳለሁ የመጀመሪያዋ ማዳም እጇን አወናጨፈች፤ ዘቢባም ወደ እናቴ ዞራ፣ «ቆንጅዬ የለም ነው የምትለው» አለቻት። በመንገዱ ሁሉ የጥርሴን ክፍተት በምላሴ እየነካሁ ሄድኩ።

ሁለተኛዋም የለም አለች። ሦስተኛዋ ጭራሽ ሳቀች። እማዬ በእያንዳንዱ ቤት ያንኑ ትጠይቃለች፣ ያንኑ ይመልሱላታል፣ ነጠላዋን ታስተካክልና ወደ ሚኒባሱ ትሄዳለች። ዘቢባ ከኋላ ከኋላዋ እያጉረመረመች፣ አንቺ ልጅ ሰው አማርጦ አይቀጠርም ትላታለች። እኔ ደግሞ ለእናቴ አዘንኩላት። መልኬ እንዳላማረ ሁሉም ሰው ሲያውቅ እሷ ብቻ አልገባትም ነበር።

ቤት ውስጥም ጉዳዩ ይህ ሆነ። አባዬ አንድ ቀን እግሩን ከባልዲው አውጥቶ፣ «ቆንጅዬ ቆንጅዬ ትያለሽ፤ እሷን ይዘን ልንራብ ነው እንዴ?» አላት። እማዬ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቀና ሳትል፣ «አንዲቷን ቆንጅዬን ለማንም አልሰጥም» አለችው። ቃል በቃል የሰማሁት ይህንን ነው። ያን ዕለት እራት የበላሁት እማዬ ላይ ተጣብቄ ነው፤ አባዬን ደግሞ በጎሪጥ እያየሁ።

አሁን ወደቡ አጠገብ ያለ የትራንዚት ድርጅት ውስጥ ሠራተኛ የምቀጥረው እኔ ነኝ። የሚመጡት ወንዶች አብዛኞቹ ወንበሩ ላይ ተደላድለው ሳይቀመጡ ስንት ነው ይሉኛል፤ ቀጥሎ የሹመት ስሙን፣ ቀጥሎ ዕድገቱን። ሴቶቹ ደመወዙን ይሰማሉ፣ ያመሰግናሉ፣ ይነሳሉ፣ በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ «ስንት ሰዓት ነው የምንወጣው?» ይላሉ፤ ለዚያውም እንደ አፈሩ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ሁሉም እንዲህ ነው አልልም። ግን ይህ ነገር በጣም ስለሚያናድደኝ አሁን አሁን ማንም ሳይጠይቀኝ የመውጫ ሰዓቱን አስቀድሜ እናገራለሁ። አባዬን ስለዚህ ጠይቄው አውቃለሁ። እሱ በዕድሜ ገፍቶ መሪውን ከለቀቀ ቆይቷል። እረፍት ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ሹፌሮቹ በሙሉ መሳቂያ ያደርጉኝ ነበር አለኝ፤ ደግሞም፣ መጠየቅ እንደሚቻልም አላውቅም ነበር አለ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ከብዙ እምቢታ በኋላ ዘቢባ ሄሮን ወደሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ወሰደችን። ሴትዮዋ ማዳም ሂንድ ትባላለች። ከውጭ ነፋሱ ፊት ይጠብስ ነበር፤ በሩ ሲከፈት ግን ቤቱ ውስጥ ብርድ ነበር፣ እውነተኛ ብርድ። ክንዴ ላይ ፀጉር ሲቆም አየሁ። ወለሉ ይንሸራተታል፣ ጥግ ላይ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ቆሟል፣ ከማድ ቤቱ ጀርባ ያለችው የሠራተኛ ክፍል እንኳ የራሷ ማራገቢያ አላት። የሚከፈለው ደግሞ ሌሎቹ ቤቶች ካሉት እጥፍ ነበር። ዘቢባ ይህን ስትሰማ በክርኗ እናቴን ጎሰመቻት።

ማዳም ሂንድ ብዙ ሐበሻ ሠራተኞች ስላሳለፈች አማርኛ ትችላለች፤ ሴቱንም ወንዱንም በወንድ መጥራቷን ካልቆጠርነው። እማዬ እንደ ልማዷ ሁሉንም ሰምታ ስታበቃ ጠየቀች። ማዳም ሂንድ ቁልቁል አየችኝ። ከንፈሬን ገጥሜ ፈገግ አልኩላት።

«ይሄ ልጅ ያንተ ነው?» አለቻት። «ቆንጅዬ የለም። ግን ልጅ ይምጣ። እዚህ ይደር፣ እዚህ ይብላ። አንተ ለምን ትወጣለህ?»

ደስታዬን መሸከም አቃተኝ። እቤቷ ቆንጅዬ ስለሌላት እኔን ፈለገችኝ ማለት ነው። ያ ሁሉ ቅባት፣ ያ ሁሉ መታጠብ በከንቱ አልቀረም። ማዳም ሂንድ በጣቷ ማቀዝቀዣውን አሳየችኝና «ውሃ» አለችኝ። ሮጥኩ። ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞላሁት፣ በሁለት እጄ ያዝኩት፣ በዚያ በሚያንሸራትት ወለል ላይ አንዲት ጠብታ ሳላፈስስ ይዤ መጣሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ዕለት ጎበዝ ሆኜ አላውቅም።

«ፈጣን ነው» አለች ማዳም ሂንድ ለዘቢባ። «ቶሎ ይለምዳል።»

እማዬ ብርጭቆውን ከእጄ ተቀበለችና ራሷ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ፊቷ ተለዋውጦ ነበር። ከዚያ እዚያው ፊቷ ቆሜ፣ ዓይኗም እኔው ላይ ሆኖ፣ ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ፣ «አይሆንም። ቆንጅዬ ከሌለች አልገባም» አለች።

እጄን ይዛኝ ወጣች። ዘቢባ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ስትረግማት ነበር። እኔ አንድም አልሰማሁም። ልጅ የሆነ ሁሉ የሚደርስበትን ድምዳሜ ደርሼበት ነበር። እኔ እዚያው ቆሜ ሳለሁ ቆንጅዬ ከሌለች ካለች፣ ቆንጅዬ እኔ አይደለሁም። ሌላ ቆንጅዬ አለች።

ያ ብርጭቆ ውሃ የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ እንደነበር የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግን የታየኝ ውሃውን ሳላፈስስ አምጥቼ አለመመስገኔ ነበር።

ማታ አባዬ ሲሰማ ጮኸ። ደመወዙ እጥፍ፣ ልጅሽ ጎንሽ፣ ታዲያ ምን ቀረሽ አላት። እማዬ መውጫዬ ቀረኛ አለችው። እሱ ወር ሙሉ መንገድ ላይ ሲከርም መውጫ አምጡልኝ ብሎ እንደማያውቅ ነገራት፤ ሥራ ማለት የሚከፍል ነገር ነው፣ ሌላው ቅንጦት ነው አለ። የሁለቱን ጭቅጭቅ አብዛኛውን ረስቻለሁ። ይህን ግን አልረሳሁም፤

«አንተ ሲደክምህ ዳር ይዘህ መኪናውን ታቆማለህ» አለችው። «መሪው በእጅህ ነው። እኔ ከገባሁ በኋላ በሩን የሚዘጋው ሌላ ሰው ነው። ያን በር የምከፍትበት አንድ ቀን ካልሰጡኝ ሥራ አልያዝኩም፤ ታስሬያለሁ። ልጄም ከኔ ጋር።»

አባዬ ባልዲውን ይዞ ወጣ።

በሳምንቱ ሁለቱም ሥራ አገኙ። አባዬ አዲስ መኪና አገኘ፤ ቀለሙን ሦስት ጊዜ ነግሮን ሄደ። የመጀመሪያ ክፍያውን የሚያገኘው ደርሶ ሲመለስ ነው። ለእማዬ ደግሞ ዘቢባ እየሮጠች መጥታ፣ ጀላሉዲን የሚባል የጨርቅ ነጋዴ ቤት ክፍት መሆኑን ነገረቻት። ደመወዙ ትንሽ ነው፣ የሚታጠበው ልብስ ብዙ ነው፣ ግን ቆንጅዬ አለ ብለዋል አለቻት። አርብ አርብ ቤተሰቡ ሁሉ የሰውዬው እናት ዘንድ ስለሚበላ በዚያ ቀን ሠራተኛ አያስፈልጋቸውም። እማዬ ያን ሰዓት ሳቀች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ስትስቅ ማየቴ ነበር፤ የሳቀችውም ለዚያች ለሌላዋ ነበር።

ልብሷን በፌስታል ይዛ ሄደች። እኔ ኤዶ ማይሙና ጋ ቀረሁ። ሳምንቱን ሙሉ የጀላሉዲን ቤቷን ቆንጅዬ በሐሳቤ ስስል ሰነበትኩ። ጥርሷ ሙሉ ነው። ፀጉሯ ወገቧ ድረስ ይወርዳል። እናቴ ታጥባታለች፣ ታበላታለች፣ ስትተኛ ግንባሯን ትስማለች። ኤዶ ማይሙና ሩዝና ዓሣ ታቀርብልኛለች፣ አልበላም። ካሌይ ካሌይ፣ ነይ ነይ ትለኛለች፣ ጥግ ይዤ አኮርፋለሁ።

አርብ ጠዋት እማዬ መጣች። እጇ በሳሙና ብዛት ተልጦ ነበር። ልትስመኝ ስትል ፊቴን አዞርኩባት። እሷም አልታገለችኝም፤ ምንጣፉ ላይ ጋደም አለችና እንቅልፍ ወሰዳት። እስከ ምሳ ድረስ ተኛች። እዚያ ቤት ያለችውን እየተንከባከበች ስለደከማት እንደሆነ ስለገባኝ እስክትነቃ ጠበቅኩና ጠየቅኳት።

«ቆንጅዬ ታምራለች?»

«ማን?»

«እዚያ ቤት ያለችው። ከሌለች አልገባም ያልሽላት።»

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች፤ እስኪያስላት ሳቀች፤ ኤዶ ማይሙና ምን ሆነች ብላ ብቅ እስክትል ድረስ። ሳቋ ሲያልቅ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ነገረችኝ። ኮንጄ የፈረንሳዮች ቃል ነው። ሠራተኛ የምታርፍበት፣ ወጥታ የምትውልበት ቀን ኮንጄ ይባላል። የእኔ ኮንጄ ለማለት ኮንጄዬ ትላለች። ቆንጅዬ ሳይሆን ኮንጄዬ። ሁለቱን ቃላት ደጋግማ አፌን እያየች አስባለችኝ።

«ቀን ናት እንጂ ሰው አይደለችም» አለችኝ። «የዛሬዋ ቀን ናት።»

እፎይ አልኩ። ሌላ ልጅ የለችም። ግን ወዲያው ሌላ ነገር ከነከነኝ። በዚያ ሁሉ ደጃፍ ከንፈሬን ገጥሜ የቆምኩት ለምንም አልነበረማ። ቢሆንም ነገሩን በራሴ መንገድ አስታረቅኩት፤ ቀኗን የፈለገችው ወደ እኔ ለመምጣት ነው፣ ስለዚህ ያው የጠየቀችው እኔን ነው። በዚህ ረክቼ ሩዜን በላሁ።

ይህን እርካታ የነጠቀችኝ በሦስተኛው አርብ ነው። አባዬ አልተመለሰም ነበር፤ ጋላፊ ድንበር ላይ ሰልፍ ይዘው ቆመዋል ተብሏል። የቤት ኪራይ አልፎብናል። ኤዶ ማይሙና ባትናገርም እማዬ በገባች ቁጥር አንገቷን ትደፋላት ነበር። እማዬ ፀጉሬን ፈትታ ስታበጥረኝ የግቢው በር ተንኳኳ። የጀላሉዲን ቤት ሹፌር ነው፤ ኒዛር የሚባል ከሐረር የመጣ፣ አማርኛ የሚናገር ጎልማሳ። ሞተሩን እንኳ አላጠፋውም።

ከጸሎት በኋላ ድንገተኛ እንግዶች ሊመጡ ነው፣ ማዳም አሁኑኑ ትምጣ ብላለች አላት። እማዬ ማበጠሪያውን ሳታስቀምጥ፣ ዛሬ አርብ እንደሆነ ነገረችው። እሱም ማወቁን ነገራት።

«እህቴ፣ እኔ መልእክተኛ ነኝ» አለ። «ካልመጣች ነገም አትምጣ ነው ያለችው። ሥራሽን ትፈልጊዋለሽ?»

«እፈልገዋለሁ» አለች እማዬ። «ስገባ የተስማማነው ግን አርብ የኔ ነው ብለን ነው። ነገ ጠዋት በሰዓቴ በሩ ላይ እገኛለሁ በልልኝ።»

ኒዛር ወደ ኤዶ ማይሙና ዞሮ በሶማሊኛ እንድትመክራት ለመናት። ኤዶ ማይሙናም ለእኛ እንጂ ለራሷ ሳታስብ፣ ሂጂ ልጄ፣ ይህን አንድ ቀን ተይው አለቻት። እኔ ፈራሁ። ዘቢባ ከእንግዲህ ሌላ ቤት አላሳይሽም ማለቷን ሰምቻለሁ። ይህ ሥራ ከሄደ ክፍሏም ትሄዳለች። ደግሞም የነገሩ ቁልፍ ያለው በእኔ እጅ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ቀኗ የተጠየቀችው ለእኔ አይደል? ስለዚህ ግማሹ ፀጉሬ እንደተንጨባረረ ተነስቼ፣ «ሂጂ እማዬ። እኔ አላለቅስም። ለኔ ብለሽ አትቅሪ» አልኳት።

ትከሻዬን ይዛ ቁጭ አደረገችኝ። አልተቆጣችም፣ ፀዲም አላለችኝም።

«ላንቺ ብቻ ብዬ እንዳይመስልሽ» አለችኝ። «ልጅ ባይኖረኝም እጠይቃት ነበር። የኔ ናት።»

ከዚያ ፀጉሬን ማበጠሯን ቀጠለች። ኒዛር በሩ ላይ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ የመኪናው ድምፅ ሲርቅ ሰማን።

ያ ቃል ያን ዕለት በጣም ጎዳኝ። ማታ ጀርባዬን ሰጥቻት ነው የተኛሁት። ዛሬ ግን እናቴ ከሰጠችኝ ሁሉ የምይዘው እሱን ነው። ሴት ልጅ የእረፍት ቀን ስትጠይቅ ሁሉም ሰው ለልጇ፣ ለባሏ፣ ለታመመች እናቷ ነው ይላል፤ እሷም እንዲሰጧት ስትል እውነት ነው ትላለች። እናቴ ይህን ሰበብ ከእኔ፣ ከሰበቡ ከራሱ፣ አልቀበልም አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ፌስታሏን ይዛ ሄደች። አሰናበቱኝ ብላ ብትመለስ ምን እንደምንሆን ኤዶ ማይሙናም እኔም አልተነጋገርንም። በግቢው በር ደፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሚኒባሶቹ ወደ ባልባላ እየጮኹ ያልፋሉ፤ አንዲት ነጠላ ያደረገች ሴት በወረደች ቁጥር ብድግ እላለሁ፣ ሌላ ሰው ሆና ታልፋለች። የጫት ሻጮቹ መጡ፣ መንገዱ ተጨናነቀ፣ ከዚያ ሙቀቱ ሰዉን ሁሉ ወደ ቤት አስገባውና መንገዱ ባዶ ሆነ። ኤዶ ማይሙና ምሳዬን እዚያው ደፉ ላይ አመጣችልኝ፤ ራሷም አጠገቤ ተቀምጣ መንገዱን ማየት ጀመረች። የማታው አዛን ሲሰማ ተነሳችና ትከሻዬን መታ መታ አደረገች፤ አልመጣችም አለችኝ እየሳቀች። እኔም አልመጣችም፣ አልመጣችም እያልኩ ግቢውን ዞርኩት፤ እናቴ ወደ ቤት ባለመምጣቷ ደስ ያለኝ ያን ቀን ነው።